ከስፒል እስከ ብዕር

ብዕር የሚለው ቃላችን ከግእዙ «ብርዕ» የመጣ ነው፤ መቃ ወይም ሸምበቆ ማለት ነው። የግሪኩ «ካላሞስ»ም እንዲሁ መቃ ነው። ሽማግሌው ዮሐንስ በሦስተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ገና ብዙ የሚጻፍ ነገር እያለው ፊት ለፊት መነጋገርን ሲመርጥ፣ ከእጁ ያስቀመጠው ይህንኑ መቃ ነበር። ኤርምያስና ኢዮብ የብረት ብርዕ ያነሣሉ፤ ያ ግን የሚቀርጽ እንጂ ቀለም የሚያፈስ አልነበረም። ለዛሬው ታሪካችን ይበልጥ የሚቀርበው በሕዝቅኤል ምዕራፍ 9 ላይ የምናገኘው፣ የቀለም ቀንድ በወገቡ የያዘው ሰው ነው። ብርዑ በእጅ፣ ቀለሙ በወገብ። ለብዙ ሺህ ዓመታት የጸሐፊ ችግር ይህች ርቀት ነበረች።

የሀገራችን ቁም ጸሐፊዎች ከዚህች ርቀት ጋር በትዕግሥት ኖረዋል። መቃውን በሰላ ቢላ ያሾሉታል፤ ጫፉን መሐል ለመሐል ይሰነጥቁታል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከሌላም ነገር ያዘጋጁና በቀንድ ውስጥ ያኖሩታል፤ ቀንዱም አጠገባቸው መሬት ላይ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ሥራው ጥቂት ቃል ጽፎ ማጥቀስ፣ እንደገና ጥቂት ቃል ጽፎ ማጥቀስ ነው።

በአማርኛ የምናነበው መጽሐፍ ቅዱስም መጀመሪያ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ እስከ ህንድም ድረስ የዞረ ሰው ነበር። በመጨረሻ ካይሮ ላይ ከፈረንሳይ ቆንስላው ሰው ከአስለን ደ ሼርቪል ጋር ተቀምጦ በሳምንት ሁለት ቀን ለ10 ዓመት ያህል ተረጎመ። እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ሲጨርስ (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእጅ የተጻፈው ሥራ 9,539 ገጽ ሆኖ ነበር። ለአንድ ገጽ 50 ጊዜ ብቻ አጠቀሰ ብንል እንኳ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ይደርሳል። ሃምሳው የእኔ ግምት ነው፤ ገጾቹ ግን ግምት አይደሉም።

የሚያስገርመው፣ ካይሮ ራሷ ከዚያ 800 ዓመት አስቀድሞ የማይጠቀስ ብዕር በተመኘ ሰው ትእዛዝ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗ ነው። ከ953 እስከ 975 የነገሠው የፋጢማውያኑ ኸሊፋ አል ሙዒዝ ቀለሙን በሆዱ የሚይዝ፣ ተገልብጦ ቢቀመጥ የማያንጠባጥብ፣ ሲጽፉበት ብቻ ቀለም የሚሰጥ ብዕር ይሠራልኝ ብሎ እንዳዘዘ ዳኛው ቃዲ አል ኑዕማን መዝግቦ አቆይቶልናል። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ባለሙያ ከወርቅ የተሠራ ብዕር አመጣ። ብዕሩ ጻፈ፤ ነገር ግን ከሚፈለገው ጥቂት አብልጦ ቀለም ሰጠ። ኸሊፋውም እንዲስተካከል አዘዘ።

«ከሚፈለገው ጥቂት አብልጦ» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የብዕር ታሪክ በሙሉ ከእርስዋ ጋር የተደረገ ትግል ነው ማለት ይቻላል።

ቀለም የሚቋጥር ዕቃ መሥራት ቀላል ነው፤ ቀንድም ይቋጥራል። ችግሩ መልቀቁ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ኩራዝንና የዘይት ጣሳን ማየት ይበቃል። ኩራዝ ውስጥ ያለው ላምባ ማንም ሳይገፋው በክሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ፈሳሽ በጠባብ ቦታ ሲያገኘው ራሱን ይስባልና። መቃው ጫፍ ላይ ያለው ስንጥቅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ቀለሙን ይዞ ወረቀት ሲነካ ብቻ ይለቀዋል። ጣሳው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው የዘይት ጣሳ ሲገለበጥ አንዴ ይታፈናል፣ አንዴ ቡልቅ ብሎ ይደፋል። ባለሱቁ ሁለተኛ ቀዳዳ የሚበሳው ለዚህ ነው፤ ዘይቱ እንዲወጣ አየር መግባት አለበት። ፋውንቴን ፔን ማለት እንግዲህ ኩራዝና ጣሳ በአንድ ጣት ውፍረት ውስጥ የሚታረቁበት ዕቃ ነው። ቀለም በጠብታ ይወጣል፣ በልኩ አየር በዚያው መንገድ ይገባል። አየሩ ከበዛ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ይወርዳል፤ ካነሰ ብዕሩ መሐል ላይ ይደርቃል።

በ1827 ፓሪስ ውስጥ ይማር የነበረው ሮማንያዊው ፔትራኬ ፖኤናሩ ራሱን በቀለም ለሚመግብ ብዕር የፈጠራ መብት አገኘ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጥሩ ሐሳብ ብቻውን ብዕር አይሆንም፤ ሁለት ቁሳቁስ ይጎድል ነበር። አንደኛው ኢሪዲየም ነው። ለጫፍ የሚመረጠው ወርቅ ነበር፤ የዘመኑ ቀለም አሲድ ስለነበረበት ብረትን ይበላልና። ወርቅ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ወረቀት ላይ ሲፈገፈግ ያልቃል። በ1803 የተገኘው እጅግ ጠንካራው ኢሪዲየም በ1834 በጆን አይዛክ ሆኪንስ እጅ ከወርቁ ጫፍ ላይ ተጣበቀ። ሁለተኛው ኢቦናይት ነው። የጎማ ዛፍ ፈሳሽ ከብዙ ድኝ ጋር ለረጅም ሰዓት ሲበስል እንደ ጥቁር እንጨት የሚጠነክር፣ በቶርኖ የሚቀረጽ፣ ቀለም የማይበላው ነገር ይሆናል። ስሙንም ያገኘው ኢቦኒ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ነው።

ከዚያም በ1884 የኒውዮርኩ ሉዊስ ዋተርማን የፈጠራ መብት አወጣ። እንደሚተረከው ዋተርማን የኢንሹራንስ ሻጭ ነበር፤ ደንበኛው ሊፈርም ሲል ብዕሩ ቀለም ደፋ፣ ውሉ ተበላሸ፣ ደንበኛውም በተፎካካሪ ተወሰደ፤ ዋተርማን ተቆጥቶ የተሻለ ብዕር ሠራ። ጥሩ ተረት ነው፤ የብዕር ታሪክ አጥኚዎች ግን ብዙም አያምኑትም። እውነተኛው ሥራው ይበልጥ ደስ ይላል። ከጫፉ ሥር በሚገባው ቁራጭ ላይ አንድ ቦይ ቆረጠ፤ በቦዩ ወለል ላይ ደግሞ ይበልጥ የቀጠኑ ስንጥቆች አወጣ። ቀለሙ በስንጥቆቹ ይወርዳል፣ አየሩ በቦዩ ይወጣል። የኸሊፋው ችግር በመጋዝ መተረክ ተፈታ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የፋብሪካ ነው፤ ብዙ አላቆያችሁም። ዋተርማን፣ ፓርከርና ሌሎችም ዓለምን በብዕር ሞሉት። የእስያና የአፍሪካ ሰው ደግሞ ገዥ ሆነ። በሀገራችንም ፓርከር የሚለው ስም በወላጆቻችን ዘመን ለተማረ ሰው ኪስ ምልክት ያህል ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጀምረውም ነበር።

አቡ ሩሚ በዘመኑ በደረሰባት በህንድ፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ራጃመንድሪ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ኮሱሪ ቬንካታ ራትናም የሚባል የእጅ ባለሙያ ነበር። በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚነገረው፣ በ1921 ማሕተመ ጋንዲን አግኝቶ የእጁን ሥራ ቢያሳየው፣ ጋንዲ ለተራው ሰው የሚጠቅም ነገር፣ ከስፒል እስከ ብዕር ካለው ማንኛውንም ቢሆን፣ በገዛ ሀገርህ ሥራ አለው። (በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመውን ሆስፒታል የማያውቅ የለም፤ የዚያው ሰው ነገር ነው።) ጊዜው የውጭ ጨርቅ በአደባባይ የሚቃጠልበት፣ ሰው ራሱ ፈትሎ ራሱ የሚለብስበት ዘመን ነበር። ይህን ንቅናቄ ስዋዴሺ ይሉታል፤ የገዛ ሀገር እንደ ማለት ነው።

ራትናም ከሁለቱ ምርጫዎች ከባዱን ያዘ። ስፒል ቢሠራ ማን ይወቅሰው ነበር? ከወንድሙ ጋር ሆኖ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ብዕር መሥራት ጀመረ። ከዚያም ያልጠበቀው ጥያቄ መጣበት። እንደሚተረከው ብዕሩ ለጋንዲ ሲቀርብ የተነሣው ጥያቄ ያምራል ወይስ አያምርም የሚል አልነበረም፤ በውስጡ ከውጭ የመጣ ነገር አለ ወይስ የለም የሚል ነበር። ጫፉስ?

ይህን የመሰለውን ነገር የሚመረምር ሰው ከጋንዲ አጠገብ ነበር። ጆሴፍ ኮርኔሊየስ ኩማራፓ ይባላል። በ1892 በታንጃቩር ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ፤ ሎንዶን ላይ የሂሳብ ሥራ ተማረ፤ በአሜሪካ ሲራኪዩዝና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ ህዝቡ ለምን እንደሚደኸይ በመንግሥት ገንዘብ አሰባሰብ በኩል አጠና። በ1929 ከጋንዲ ጋር ከተገናኘ በኋላ የአውሮፓ ሱፉን ትቶ በእጅ የተፈተለ ልብስ ለበሰ፤ ወደ ጉጃራት መንደሮች ወርዶም የገበሬውን ገቢና ወጪ ቤት ለቤት መዘገበ። በ1934 መጨረሻ የመላው ህንድ የመንደር ኢንዱስትሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊው እርሱ ሆነ። የኋላ ኋላ እንግሊዞች ሲያስሩት በእስር ቤት ሁለት መጻሕፍት ጻፈ፤ አንደኛው ስለ ጸና ኢኮኖሚ፣ ሁለተኛው ስለ ኢየሱስ ትምህርትና አኗኗር ነው። በወንጌል የሚያምን የሂሳብ ሰው የማኅበራዊ ፍትሕ ጉዳይ ውስጥ ሲገባ ምን ይመስላል ለሚል ወጣት የዚህን ሰው ሕይወት ፈልጎ ማንበብ ይጠቅመዋል።

ለሂሳብ ሰው፣ ጫፉ ከውጭ የተገዛ «የሀገር ውስጥ ብዕር» ድምሩ የማይገጥም መዝገብ ነው። ዕቃው ከሌላ ሀገር፣ ስሙ ከዚህ። አንዳንዱ ይህ ማካበድ ነው ይል ይሆናል። እኔም ሁሉንም ነገር በገዛ እጅ ካልሆነ የሚለው ሐሳብ ሲጠብቅ ሰውን እንደሚያንቀው ይሰማኛል፤ ለምሳሌ መድኃኒት ላይ ማን እንዲህ ይላል? የብዕሩ ጥያቄ ግን ትክክል ነበር። ምክንያቱም ከብዕር ሁሉ ከባዱ ክፍል ጫፉ ነው። የቀረው ገላ ነው፤ ጫፉ ግን ብዕሩ ራሱ ነው።

ይህን ለማየት ዛሬ ከእንጨትና ከብረት በእጅ ብዕር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ሥራ መከተል ጥሩ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ይመረጣል። ወይራን የመሰለ እርጥበቱ የወጣለት፣ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት መሆን አለበት፤ ያልደረቀ እንጨት ብዕር ከሆነ በኋላ ይሰነጠቃል። ቁራጩ መሐል ለመሐል ቀስ ተብሎ ይበሳል፤ የተቻኮለ መብሻ እንጨቱን አግሎ ያፈነዳዋል። እንጨት ብቻውን ቀለም አይይዝም፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። ስለዚህ በብዛት ከውስጥ የነሐስ ቱቦ ይገባለትና ይጣበቃል፤ ቀለሙም ነሐሱን እንዳይበላው ለብቻው በሆነ መያዣ ይቀመጣል። ክዳኑና ገላው የሚገጥሙበትን ጥርስ እንጨት ላይ ማውጣት አይመከርም፣ ይፈረፈራልና፤ ስለዚህ ከብረት ቀለበት ላይ ይወጣል። እንጨትና ብረት በአንድ ብዕር የሚገናኙት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የማይችለውን ሌላው ስለሚሸከም ነው።

ከዚያ ቶርኖ። እንጨቱ ይሽከረከራል፣ መሮው ይነካዋል፣ ቅርፊቱ እንደ ክር እየተጠቀለለ ይወርዳል። እዚህ ላይ ንድፍ የሚባለው ነገር ይመጣል፤ እርሱም ከውበት በፊት የእጅ ጉዳይ ነው። ጣቶች የሚይዙት ቦታ በጣም ከቀጠነ እጅ ይዝላል፣ ከወፈረ ፊደል ይሰንፋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ ጫፉ ከወረቀቱ ይሸሻል። የነሐሱ ውፍረት፣ የክዳኑ ርዝመት፣ ሁሉም በዚህ ሚዛን ውስጥ ይገባል። ጥሩ ሠሪ ብዕሩን ደጋግሞ ከቶርኖው አውርዶ ጣቱ ላይ ያስተኛዋል፤ በየት በኩል እንደሚያዘነብል ያያል። በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልሙ፣ ከዚያ ዘይት ወይም ሰም።

ይህ ሁሉ በትጋት ይለመዳል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ወርቁ ወይም ብረቱ እስኪሳሳ ይዳመጣል፤ በቅርጹ ይቆረጣል፤ ወደ ላይ ይጎብጣል። በአፉ ላይ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ ጠንካራ ማዕድን ይበየዳል። ከዚያ ያቺ ቅንጣት ራሷ ከነጫፉ እኩል ለሁለት ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ ወደ ዓይኑ ሰፋ ብሎ ወደ አፉ መጥበብ አለበት፤ ወደ አፉ ከሰፋ ቀለሙ ወረቀቱ አጠገብ ደርሶ ይቆማል። ሁለቱ ከንፈሮች በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ብዕሩ ወረቀቱን ይቧጭራል። ከዚያ በልም ድንጋይ ላይ በማጉያ መነጽር እያዩ መሳል፣ መጻፍ፣ መሳል፣ መጻፍ። ዛሬ በዓለም ላይ በእጃቸው ብዕር ከሚሠሩ ትናንሽ ቤቶች አብዛኞቹ ገላውን ራሳቸው ቀርጸው ጫፉን ከጀርመን ፋብሪካ የሚገዙት ለዚህ ነው። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ማሽኑ ሁሉ ባለበት በዚህ ዘመን እንዲህ ከሆነ፣ በ1930ዎቹ በጎዳቫሪ ዳር ለነበሩት ወንድማማቾች «ጫፉስ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደ ከበደ መገመት ይቻላል።

ወንድማማቾቹ ጥያቄውን አልሸሹም። ታሪኩን የሚያቆዩት እንደሚሉት ጫፉን ጨምሮ እንደገና ሠሩት። ገላው በቶርኖ የተቀረጸ ኢቦናይት ነው። ሥራው አሁንም በራጃመንድሪ አልተቋረጠም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ፣ በከተማዋ ሌሎችም ተከትለውት፣ ጥቁሩ ዘንግ ዛሬም በቶርኖ ላይ ይዞራል። ፋብሪካ ውስጥ በሰዓት የሚፈለፈለውን ብዕር በዋጋ አላሸነፉትም፤ ሊያሸንፉትም አይችሉም ነበር። እስክሪብቶ ከመጣ በኋላማ የፋውንቴን ፔን ገበያ ራሱ ጠበበ። ያ ግን ቆይቶ የመጣ ነው።

ብዕሩ ለጋንዲ የደረሰው በኩማራፓ እጅ ነበር። የሂሳቡ ሰው አይቶ አሳለፈው ማለት ነው። ጋንዲም ከዋርዳ ጁላይ 16 ቀን 1935 ለራትናም አጭር የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። ወንድማማቾቹ ዓመታት የፈጀባቸውን ሥራ ሲያነሣ የተጠቀመባቸው ቃላት በጣም የተቆጠቡ ናቸው። ከዓለም አንደኛ ነው አላለም፤ ከፓርከር ይበልጣልም አላለም። በብዕሩ ጽፎ እንዳየው ነገረውና፣ በገበያ ከሚታዩት የውጭ ብዕሮች ይልቅ ሊያዝ የሚችል ጥሩ ምትክ ይመስላል አለው።